በእጄ የተሰበሩት ሦስቱ

ከባለቤቴ ከማቴዎስ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንሶላው ገና ከገመድ መውረዱ ነው፣ ፀሐዩ አልለቀቀውም። እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን በረንዳው ላይ ቆምን።

«ሳብ አድርጊው እንጂ፣ ይሄ ነው የጡረታ ጉልበት?» አለኝ።

ሳብኩት። እሱም ሳበው። ጫፍ ለጫፍ ልናገናኝ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ከፊቴ ሲደርስ ዓመታት ያቆየሁትን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ምነው?» አለኝ።

«ኮሌታህ ተገልብጧል» አልኩት።

ኮሌታውን አስተካከለ፣ አንሶላውን ክንዴ ላይ አደረገልኝ፣ ከጓደኛው ጋር ሻይ ሊጠጣ ወደ ሐይቅ ዳር ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተደወለልኝ፤ ወድቋል አሉኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ መናገር አቁሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

የሠራሁበት ኮሌጅ፣ ለአዲስ ገቢ ቴክኒሻኖች የሚሆን የሥራ ዘመን ትዝታ ጻፊልን ብሎ የጠየቀኝ ከዚያ በፊት ነው። ማሽን እንዴት እንደሚያዝ፣ ናሙና እንዴት እንደሚዘጋጅ እንድጽፍላቸው ነው የፈለጉት። እሱንም እጽፋለሁ። ግን ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንድ መስመር ብቻ። የምድጃውን ጋዝ ዘግቼ እንደሆነ ለማየት ሦስት ጊዜ እነሣለሁ፤ ስመለስ የት እንዳቆምኩ ይጠፋኛል።

እኔ አስቴር እባላለሁ። ሥራዬ መስበር ነበር። የጀመርኩት ሻሸመኔ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የኮንክሪት ጡብ በማሽን ተጭኜ እሰብራለሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ አቧራው ብዙ ነበር። የዚያ ቦታ አለቃዬ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አለፈ፣ ወደቀ?» ይለኛል። ከዚያ ሌላ ጠይቆኝ አያውቅም። እንዴት እንደተሰበረ፣ ከየት እንደጀመረ ግድ አልነበረውም። እኔም ግድ አልነበረኝም።

ሐዋሳ፣ ኮሌጁ ብረት መፈተሻ ክፍል ስዛወር ጋሽ ሀብቴን አገኘሁ። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። አጭር፣ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። ከካፖርቱ ሥር ሁልጊዜ ክራባት ያደርጋል። ናሙና ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጥቦ በጨርቅ ሳይሆን በአየር ያደርቃል፣ እጆቹን እንደሚጸልይ ሰው ወደ ላይ ይዞ ይቆማል። ተማሪዎች ይስቁበት ነበር። እኔም ስቄበታለሁ። አንድ ሳምንት ሳይሞላኝ ግን እኔም እንደዚያው መቆም ጀመርኩ።

ሦስት ነገር አጥብቆ ይከለክል ነበር። የመጀመሪያው፣ የተሰበረውን ሁለት ቁራጭ መልሶ መግጠም ነው። ሰው ሁሉ ብረት ሲሰበርለት ወዲያው ገጥሞ ያየዋል፣ እጅ በራሱ ነው የሚሄደው። «ስብራትን ከስብራት አታነካኪ፤ ብረቱ የጻፈውን ታጠፊበታለሽ» ይለኛል። ሁለተኛው፣ የተሰበረውን ፊት በአጉሊ መነጽር ሳያዩ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ሦስተኛው ለእኔ የባሰው ነበር፤ በእጅ የተሰበረ ናሙና መጣል። ናሙና ገና ሲዘጋጅ፣ ሞርሳ በሚባለው መቆንጠጫ ላይ ሲታሰር ወይም ጫፉ ሲሞረድ፣ በእጅ የሚሰበር አለ። ማሽኑ ገና አልነካውም። ቅጹ ላይ እንዲህ ላለው ቦታ የለም። ሌላ ቦታ ብሆን እጥለው ነበር። ጋሽ ሀብቴ ግን ለብቻው ቆርቆሮ ነበረው፤ በእጅ የተሰበረውን ሁሉ ቀን ጽፎበት እዚያ ያኖረዋል፣ ከውጤቱም ጋር ያስረክባል።

«ፈተና ላይ አልደረሰም እኮ» አልኩት አንድ ቀን።

«ተናግሯል» አለኝ። «ዝቅ ባለ ድምፅ ስለተናገረ ነው የማትሰሚው?»

ማቴዎስን ያወቅሁት በዚሁ ክፍል ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። አንድ ከሰዓት ደብተሩን አቅፎ ገባና «እኔ ብረት አላውቅም፤ ቁጥር ግን ስጡኝ» አለ። ጋሽ ሀብቴ ከላይ እስከ ታች አየውና «ቁጥሩ የሚወጣው ከብረቱ ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለው። ታጠበ። በዓመቱ ተጋባን።

ከተማው ውስጥ የብረት ዱቄት የሚጨምቅ አንድ ወርክሾፕ ነበረ። ዱቄቱ በቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ምድጃ ይገባል። ሳይቀልጥ፣ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቆ ጠንካራ ብረት ሆኖ ይወጣል። ቶርኖ ላይ እየፋቁ ብዙ ሳይደክሙበት ትንንሽ ዕቃ ይሠራበታል፣ ርካሽም ነው። ችግሩ በውስጡ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች መኖራቸው ነው። ስንት ቀዳዳ እንዳለበት ለማወቅ ናሙናውን ደረቁን እንመዝነዋለን፤ ዘይት እስኪጠግብ እንነክረውና ውኃ ውስጥ አንጠልጥለን ደግመን እንመዝነዋለን። ይህ ግን መጠኑን እንጂ የትኛው ቀዳዳ የት እንዳለ አይነግርም። ቀዳዳው በየናሙናው ስለሚለያይ ከአንድ ምድጃ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ናሙናዎች እኩል አይጠነክሩም። ሲሰበርም እንደ ሌላ ብረት ጎበጥ ብሎ አያስጠነቅቅም። «ቀጭ» ይላል፣ አለቀ። ፊቱ እንደ ተሰበረ ስኳር ግራጫና ሻካራ ነው።

ማቴዎስ ይህን ነበር በሒሳብ የሚያስቀምጠው። የዚህ ብረት ጥንካሬ አንድ ቁጥር አይደለም፣ ዕድል ነው ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያን አብረን እንዘምር ስለነበር እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። «ሠላሳ ሰው ይዘምራል እንበል። ሃያ ዘጠኙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጉባኤው የሚሰማው የሚስተውን አንዱን ነው። ብረቱም በአንዱ ትልቅ ቀዳዳ ነው የሚሰበረው።»

«ያ የሚስተው አንተ ነህ» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው በደንብ የገባኝ!»

የሰበርኩትን እያንዳንዱን ናሙና ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጣል። ደካሞቹ ከታች በግራ፣ ብርቱዎቹ ከላይ በቀኝ ይሆናሉ። ነጥቦቹ በአንድ መስመር ከተሰለፉ፣ ከሺህ አንዱ በስንት ጭነት እንደሚሰበር መስመሩን ወደ ታች አስረዝሞ ይገምታል። «ሰው የሚጎዳው ከታች በግራ ባለው ጥግ ነው» ይል ነበር። «መሃሉ ማንንም ገድሎ አያውቅም።»

ጋሽ ሀብቴ ጡረታ ሲወጣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍና አጉሊ መነጽሩን ለእኔ ትቶልኝ ከከተማ ወጣ ብሎ ቡሹሎ ገባ፤ አትክልት ያለማ ጀመር። የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ከላዬ ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት። አጠፋ ይሆን ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ሲያዩኝ እንደ እሱ አይደለችም ይሉኛል ብዬ ነበር።

ወርክሾፑ እግራቸው ለማይራመድ ሰዎች፣ በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት እግር ጋሪ ሊሠራ ተነሣ። የፍሬኑን ገመድ የምትስበውን ጣት የምታህል ብረት ከዱቄት ብረት ሊያወጣት አሰበ። እኛ የፍሬን ምላስ እንላት ነበር። ርክክቡ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል፤ የቀረው የእኛ ወረቀት ብቻ ነው። አርባ ናሙና ሰብረን ማቴዎስ የሚፈቀደውን ጭነት እንዲያወጣ ተስማማን።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ናሙና ሞርሳ ላይ አስሬ ጫፉን ስሞርድ «ቀጭ» አለ። ሞረዱን ገና ማሳረፌ ነበር። ከጎኔ የነበረው የቶርኖ ሠራተኛ ዘወር አለና «እትዬ አስቴር፣ ጋሽ ሀብቴ ከሄዱ ወዲህ ሞርሳው ክፉ ሆነ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው የተናገረው። ጆሮዬ ጋለ። እጄ ከብዶ አጥብቄ አስሬዋለሁ ብዬ አመንኩ። በማግስቱ ሁለተኛው እንዲሁ ሆነ። ከሰዓት ሦስተኛው፣ አንሥቼ ከመደገፊያው ላይ ሳስቀምጠው ለሁለት ተከፈለ። ማንም አላየኝም። የሦስቱንም ቁራጮች ከቶርኖ ፍቅፋቂ ጋር አብሬ ጣልኳቸው፣ ከላያቸውም ሌላ ፍቅፋቂ ጨመርኩ። ከትሪው ሦስት ሌላ ናሙና አንሥቼ አርባውን ሞላሁ።

ማቴዎስ ውጤቱን ሲረከብ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ።

«በእጅ የተሰበረ አለ?»

«የለም።»

«አንድም?»

«ማቴ፣ እኔን ነው እንዲህ የምትጠይቀው?»

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ይቅርታ!» ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ነጥቦቹን ሲያስቀምጥ መስመሩ ቀጥ አለለት። ደስ ብሎት ጠርቶ አሳየኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የዋሸሁት ስለ እጄ እንጂ ስለ ብረቱ አልመሰለኝም።

ጋሪዎቹ ለሰዎቹ ተሰጡ። ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት፣ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ራህማ የምትባል ሴት ከታቦር ተራራ ሥር ባለችው ቁልቁለት ስትወርድ የፍሬኑ ምላስ ተሰበረ። ጋሪው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ቀኝ እጇ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ለእሷ እጅ ማለት እግርም ነው።

የተሰበረችውን ምላስ ወደ እኔ አመጧት። እጄን ታጠብኩ፣ አየር ላይ አደረቅሁ፣ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ጠርዙ ላይ የቀዳዳ ክምችት ነበር፣ አንዱ ካንዱ ተያይዞ። ያን ጊዜ ገባኝ። የእጄ ክብደት አልነበረም። ሦስቱ እንደዚህ ያሉ ነበሩ። ከታች በግራ ያለው ጥግ እነሱ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ባዶ ያደረግሁት።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የናሙናው አያያዝ እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁ፣ እኔ ከመመለሴ በፊት ማቴዎስ ተነሣ። «አያያዙ የጋሽ ሀብቴ አያያዝ ነው፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። መስመሩን ወደ ታች ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። ሞዴሉ የእኔ ነው» አለ። ወረቀቱ ላይ የስሌት ስህተት ተብሎ ተጻፈ። ምላሶቹ ተሰብስበው ቀዳዳ በሌለው ድፍን ብረት ተተኩ። ማቴዎስ ሞዴል መሥራቱን ትቶ ወደ አንደኛ ዓመት ሒሳብ ማስተማር ተመለሰ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ቀጥሎ እሱን ፈራሁ። ከዚያ በኋላ የፈራሁት ያለፉትን ቀኖች ነው፤ ዛሬ ብነግረው ለምን ትናንት አልነገርሽኝም ይለኛል እያልኩ ቀኑ ይጨምራል። ጋሽ ሀብቴ በዚያው ክረምት ሞተ። እንኳን ሳይሰማ ሞተ ብዬ አሰብኩ፤ ይህን በማሰቤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ማቴዎስ ራህማን ይቅርታ ሊጠይቃት ብርቱካን ይዞ ሲሄድ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ።

ማቴዎስ ከሞተ በኋላ ደብተሮቹን አወጣኋቸው። አንድ ነገር ፈልጌ ነበር። ጠርጥሮኝ ይሆን? የሆነ ጠርዝ ላይ «አስቴርን ልጠይቅ» ብሎ ጽፎ ይሆን? ብጠረጠር ይቀለኝ ነበር። ገጽ በገጽ አየሁ። ያንኑ ስሌት አምስት ጊዜ ከመጀመሪያው ሠርቶታል። አምስቱም ጊዜ አንድ መልስ ነው የመጣለት። ሎጋሪዝሙን በእጁ ደግሞ አረጋግጧል። ጭነቱን፣ ስፋቱን፣ አሃዱን፣ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ተጠራጥሯል። እኔ የተጠረጠርኩበት ግን አንድም ገጽ አጣሁ።

ሐዘኑ አሥር ወር ሲሆነው አቶ በረከት መጣ። የወርክሾፑ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ድሮ ተማሪያችን ነበር።

«እትዬ አስቴር፣ አዲስ መጭመቂያ አስገባን። ዱቄቱና ምድጃው ግን ያው ነው። የፍሬን ምላሷን እንደገና ልንሠራት ነው» አለኝ።

«ጥናቱስ?»

«ለእሱ ነው የመጣሁት። ሕይወት የምትባል ጎበዝ የስታቲስቲክስ መምህርት አለች። የድሮውን አርባ ናሙና ከአዲስ አሥር ጋር አድርጋ ልትሠራው ነው። ያን ጊዜ የተሳሳተው ስሌቱ ነው፣ መረጃው ግን ንጹሕ ነው፤ በእርስዎ እጅ የተሠራ አይደል?»

ውኃ ላምጣልህ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ደግመው ሊጠቀሙበት ነው። ሌላ ሰው ሌላ ቁልቁለት ላይ ሊቀመጥበት ነው። ተመልሼ ነገ ወርክሾፑ እመጣለሁ አልኩት። ለምን ያኔውኑ እንዳልነገርኩት አላውቅም። ልማድ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ልብሴን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ልመለስ እያልኩ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሹፌሩ «እማማ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። ደኅና ነኝ አልኩት።

በረከትና ሕይወት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ሦስት ናሙና በእጄ ተሰብሮ ነበር፣ ጥያቸዋለሁ፣ ማቴዎስ ሲጠይቀኝ የለም ብዬዋለሁ አልኳቸው። በረከት በሩን ተነሥቶ ዘጋው።

«እትዬ፣ ይሄን ማንም አያውቅም ነበር እኮ። አሁን ለምን ተናገሩት?»

«ልትሠራበት ነው እኮ፣ ልጄ።»

ሕይወት ግን ላፕቶፗን አስቀድማ ከፍታ ነበር። «ስንት ጭነት ላይ ነው የተሰበሩት?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«አይታወቅም። ማሽኑ አልነካቸውም።»

«እሺ። ከትንሹ ጭነት በታች የተሰበሩ ናቸው ብለን እናስገባቸዋለን።» ጥቂት ጻፈች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቀጥ ብሎ የነበረው መስመር ከታች በግራ ወደ ቁልቁል ጎብጧል። ፍሬኑ ይችላል የተባለው ጭነት በጣም ወርዷል። ያችን ቁልቁለት አይችልም ነበር።

«መምህር ማቴዎስ የተሰጣቸውን በትክክል ነው የሠሩት» አለች። «ስህተት የላቸውም።»

«ይሄን ጻፊልኝ» አልኳት። «እኔ እፈርምበታለሁ።»

ጻፈችው። ፈረምኩ። ለኮሌጁ ገባ። ጡረታዬን ይነኩብኝ ይሆን፣ ይከሱኝ ይሆን ብዬ እስካሁን በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። መልስ አልመጣም።

ከዚያ ራህማ ጋ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ አዲሱ ጋሪዋ ላይ ቅመሟን ዘርግታ አገኘኋት። ቀኝ እጇ ከክርኑ አይዘረጋም።

«የመምህር ባለቤት አይደሉም እንዴ? አላህ ያጽናዎት። ሚጥሚጣ ላድርግልዎ?»

«ለሚጥሚጣ አልመጣሁም፣ ራህማ።»

ነገርኳት። እየሰማችኝ በፌስታል በርበሬ ትቋጥር ነበር። አንዲት ገዢ መጣች። «ቆይ እህቴ፣ ከሰው ጋ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች።

«ሰውዬው ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ሐኪም ቤት አንዴ፣ ቤቴ ሁለቴ። በሦስተኛው ተቆጣኋቸው፤ ስንት ጊዜ ነው ይቅር የምልዎ፣ ብርቱካንዎን ይዘው ይሂዱ አልኳቸው። ያ ሁሉ የእርስዎ ነበር?»

«የእኔ ነበር።»

«እንግዲያው የእኔን ይቅርታ እሳቸው ወስደውልዎታል፤ እኔ ጋ የቀረ የለም። እሳቸው ጋ ያለውን ግን እኔ ልሰጥዎ አልችልም።» ፌስታሉን ጥብቅ አድርጋ በጥርሷ ቋጠረችው። «ደግሞ ያን ብረት መልሰው ሊሠሩት ነው አሉ። እውነት ነው?»

«ገና ነው። ከመጀመሪያው መፈተን አለበት።»

«ታዲያ እዚህ ቆመው ምን ይሠራሉ? ይሂዱና ይስበሩት እንጂ!»

በረከት የድሮውን አርባ ናሙና ተወው። ሁሉም ከአዲስ እንዲሠራ ተስማማ፤ እኔ እንድሠራው ስጠይቀው ሕይወት አጠገቤ እንድትቀመጥ አድርጎ ፈቀደልኝ። ልክ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

አሁን ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ወርክሾፑ እሄዳለሁ። የፍሬን ምላስ እሰብራለሁ።